በክረምት ዕረፍት ወደ አገር ቤት ለሚሄዱ ቤተ ሰቦች፤ ውሃ ስለማይገባው ካሜራ

ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ ፍርድ ቤትም ከአስቸኳይ ጉዳይ በቀር ችሎቱን አቋርጦ ያርፋል። በአዲስ አበባ ወይም በባሕር ማዶ የሚኖር የወሎ ሰው ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወደ ወረኢሉ፥ ወደ ለጋምቦ፥ ወደ ቦረና ወይም ወደ ሳይንት ለመሄድና ዘመዶቹን ለመጠየቅ ፈቃድ የሚያገኘው በዚሁ ወራት ነው። ችግሩም ከዚህ ላይ ይጀምራል። ሰው ወደ አገሩ የሚገባበት ጊዜና ዝናቡ የሚበረታበት ጊዜ አንድ ስለ ሆነ፥ እንግዳው ወደ ከተማ ተመልሶ ያነሣውን ፎቶግራፍ ቢመለከት፥ አብዛኛው ከመኪና መስኮት ወይም ከበረንዳ ላይ የተነሣ ሆኖ ያገኘዋል።

የደጋ ሰው ግን ክረምቱን በረንዳ ላይ ተቀምጦ አያሳልፍም። እረኛው ገሳውን ደርቦ ከብቱን በጭጋግ ውስጥ ያግዳል፤ ባልና ሚስት ከማሳቸው ጐንበስ ብለው ያርማሉ፤ ነሐሴ 13 ቀን ቡሄ ሲሆን ልጆች ጅራፍ ያጮኻሉ፥ በየደጁም እየዞሩ ሙልሙል ይቀበላሉ። ወረኢሉና መካነ ሰላም ሁለቱም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ብለው የተቀመጡ ከተሞች ስለ ሆኑ፥ በሐምሌና በነሐሴ ደመናው ከራስ በላይ ብቻ ሳይሆን ከእግር በታችም ሲተኛ ይታያል። ከመካነ ሰላም ወደ ደንቆሮ ጫካ፥ ይኸውም ዛሬ ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ወደ ተባለው ስፍራ የሄደ ሰው፥ ጭላዳ ዝንጀሮ ጠጉሩ በዝናብ ረጥቦ በገደል አፋፍ ላይ ሣር ሲነጭ ሊያይ ይችላል። ይህን ሁሉ እያየ ስልኩን ከብብቱ ለማውጣት ይፈራል። ምክንያቱም ስልኩ የወር ደመወዙን፥ አንዳንዱም የሦስትና የአራት ወር ደመወዙን የፈጀ ዕቃ ነው።

ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምንነግረው መሣሪያ ተጠቅሞ የሚጣል ውሃ የማይገባው ካሜራ የተባለው ነው። ውስጡ ከፕላስቲክ የተሠራ ቀላል ካሜራ ሲሆን፥ ላዩ ብርሃን በሚያሳልፍ ጠንካራ ቅርፊት ታሽጓል። ፊልሙ ከፋብሪካው ገብቶበት ይመጣል፤ የሚያነሣውም 27 ሥዕል ነው። የጃፓኑ የፉጂ ፊልም ሥራ እስከ 10 ሜትር፥ የአሜሪካው የኮዳክ ደግሞ እስከ 15 ሜትር የውሃ ጥልቀት ይችላል ተብሎ ተሽጧል። ባትሪ የለውም፤ ፍላሽ የለውም፤ የሚስተካከል መነጽርም የለውም። ማዞሪያውን ማዞር፥ በቀዳዳው ማየት፥ መጫን፤ ይኸው ነው። ከእጅ እንዳያመልጥም የላስቲክ ማንጠልጠያ ተደርጎለታል።

አሳቡ አዲስ ይመስላል እንጂ የቆየ ነው። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1888 ጆርጅ ኢስትማን የተባለው አሜሪካዊ ለ100 ሥዕል የሚበቃ ፊልም የገባበት ካሜራ ሸጠ፤ ገዢው ፊልሙን ሲጨርስ መሣሪያውን እንዳለ ወደ ፋብሪካው ይልከዋል፤ እዚያም ሥዕሉ ታጥቦ፥ አዲስ ፊልም ገብቶበት ይመለስለት ነበር። ልዊ ቡታን የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅም በ1893 በባንዩልስ ባሕር ውስጥ በከባድ ሣጥን በታሸገ ካሜራ ፎቶግራፍ አነሣ። ፉጂ ፊልም በ1986 ተጠቅሞ የሚጣለውን ዓይነት ለገበያ ካወጣ በኋላ፥ ጥቂት ዓመታት ሳያልፉ ውሃ የማይገባው ወንድሙ ተከተለ። ለቡታን ብዙ ረዳትና ብዙ ገንዘብ ያስፈለገው ነገር፥ ዛሬ በሰባት ዓመት ሕፃን እጅ ይያዛል።

በውስጡ አንድ ብልሃት አለ፤ ለጸሐፊ ሰው እጅግ ደስ የሚያሰኝ ነው። በተራ ካሜራ ፊልሙ ከቆርቆሮው እየወጣ ይነሣል፤ መጨረሻ ላይም ተጠቅልሎ ይመለሳል። በዚህኛው ግን ፊልሙ በፋብሪካው አስቀድሞ ከቆርቆሮው ወጥቶ ይጠቀለላል፤ እያንዳንዱ ሥዕል በተነሣ ቁጥርም ወደ ቆርቆሮው እየገባ ይከተታል። ስለዚህ ካሜራው በመካከሉ ቢሰበርና ብርሃን ቢገባበት፥ የሚጠፋው ገና ያልተነሣው ክፍል ነው እንጂ የተነሣው በቆርቆሮው ውስጥ እንደ ተጠበቀ ይቀራል። የተጻፈው ወደ መዝገብ ይገባል፤ ባዶው ወረቀት ብቻ በጠረጴዛ ላይ ይቆያል እንደ ማለት ነው።

እውነት ነው፤ ዛሬ ውሃ የሚችሉ ስልኮች ተሠርተዋል። ነገር ግን የስልክ መስታወት በዝናብ ጠብታ ሲመታ የጣትን ትእዛዝ አይሰማም፤ ከዚያም በላይ ባለ ስልኩ ስልኩን ለእረኛ ልጅ ሰጥቶ «ሂድ፥ የወደድኸውን አንሣ» ሊል አይደፍርም። ውሃ የማይገባውን ካሜራ ግን ያለ ስጋት ይሰጣል።

በባሕር ዳር አገሮች ይህ ካሜራ የተፈለገው ለመዋኘትና ከባሕር በታች ያለውን ዓሣ ለማንሣት ነው። በወሎ ደጋ ግን ውሃው የሚመጣው ከላይ ነው። ቦረናን በምዕራብ በኩል ከጎጃም የሚለየው ዓባይ በክረምት እንደ ቡና አተላ ደፍርሶ ይወርዳልና፥ ካሜራው ቢጠልቅበት ከጭቃ በቀር የሚያየው የለም። ከዚህ ሌላ አደጋውን ማሰብ ይገባል። በካፒቴን ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተመራው የእንግሊዝ ወታደሮች ጓድ በ1960 ዓ.ም. ክረምት ዓባይን በጎማ ጀልባ ሊወርድ በመጣ ጊዜ፥ በሙያ የሠለጠነና መሣሪያው የተሟላ ሆኖ ሳለ፥ ከባልደረቦቹ አንዱ ወንዝ ሲሻገር ውሃ ወስዶት ሞቷል። በደጋ ዘንቦ በቆላ የሚሞላ ወንዝ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። ውሃ የማይገባው ካሜራው ነው እንጂ ያዡ አይደለም፤ አባትና እናት ይህን ለልጆቻቸው ከመነሣታቸው በፊት ይንገሩ። መዋኘት የሚወድ ቤተ ሰብ ወደ ላንጋኖ ይሂድ፤ በጣና ዳር የሚዋኝም በዚያ የብልሃርዝያ በሽታ መኖሩን ይወቅ። በጠራ ውሃ ውስጥ የሚያነሣ ሰው ቢኖር፥ ፀሐይ በምትበረታበት ከጧቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ፥ ከአንድ ሜትር ሳይቀርብ ከሦስት ሜትርም ሳይርቅ ያንሣ። ውሃ ነገሩን አቅርቦና አግዝፎ ያሳያል፤ ከቀለማትም አስቀድሞ ቀዩን ይውጠዋል። ስለ ዋና ይህ ይበቃል።

በዝናብ ለሚያነሣ ሰው የሚያስፈልገው ምክር ከዚህ የተለየ ነው። በቅርፊቱ ላይ፥ በመነጽሩ ፊት ያረፈች አንዲት ጠብታ የሰውን ፊት አጥፍታ ትገኛለችና፥ ከእያንዳንዱ ሥዕል በፊት በንጹሕ ነጠላ ጫፍ መጥረግ ያሻል። ከሰው ፊት አንድ ሜትር ተኩል ያህል መራቅም ይገባል፤ ከዚያ የቀረበ ይደበዝዛል። ፊልሙ የ800 ፍጥነት ስለ ሆነ በደመናም ቀን ከደጅ በደንብ ይሠራል። ፀሐይ ከገባች በኋላ ግን አይሠራም።

ብዙ እንግዶች የሚያዝኑት በቤት ውስጥ ባነሡት ነው። የገጠር ቤት መስኮቱ ትንሽ ነው፤ ምድጃው ይጨሳል፤ ካሜራው ፍላሽ የለውም። እሜቴ ረከቦቱን ዘርግተው ቡና ሲያፈሉ፥ ልጆችም ከሰሌኑ ላይ ከብበዋቸው ሲቀመጡ ለዓይን ያምራል፤ በፊልም ላይ የሚገኘው ግን ጥቁር ጨለማና በመካከሉ የፍሙ ነጥብ ብቻ ነው። ስለዚህ ረከቦቱን ወደ ደጃፉ፥ ወደ ጣሪያው ጥግ ማቅረብ ነው። ዝናቡ ከበስተ ኋላ እየወረደ፥ እሳቸው በደጃፉ ብርሃን ተቀምጠው የተነሡት ሥዕል በአዲስ አበባ ፎቶ ቤት መጋረጃ ተጥሎ ከሚነሣው የሚበልጥ እንጂ የሚያንስ አይሆንም። እሜቴ «ልጄ፥ ቡናውን ብርድ ይመታዋል» ቢሉ፥ ጀበናው ከምድጃው ሳይወርድ ሲኒው ብቻ ይቅረብ።

27 ቊጥር ትንሽ ነው ይባላል። ለእኔ ግን የዚህ መሣሪያ ትልቁ በጎነት ይኸው ትንሽነቱ ነው። በስልክ ሺህ ሥዕል የሚያነሣ ሰው ሺሁን አይመለከትም፤ 27 ብቻ ያለው ግን ማንን እንደሚያነሣ ይመርጣል። ከቤተ ሰብ ጋር የሚሄድ ሰው ከመነሣቱ በፊት በወረቀት ላይ ስም ይጻፍ፤ አያት፥ አክስት፥ የክርስትና አባት፥ ያሳደጉት ጎረቤት፥ በአንድ ማድ የበሉ የእስላምና የክርስቲያን ወዳጆች፤ በወሎ እንዲህ ያለው ወዳጅነት ብዙ ነውና ማንም እንዳይረሳ። ለእነዚህ 15 ይመድብ፤ 7ቱን ለልጆቹ ይተው፤ የቀረውን ለመንገዱና ለአገሩ ያድርገው። ልጆች የሚያነሡት ነገር ያስገርማል፤ ከአዋቂ ዓይን ዝቅ ብለው ስለሚቆሙ፥ የአህያዋን እግር፥ የአያታቸውን እጅ፥ በጭቃ የተጨማለቀ የጎማ ጫማ ያነሣሉ። ከዓመታት በኋላ ቤተ ሰቡ ደጋግሞ የሚያየው ብዙ ጊዜ እነዚህን ነው።

ሁሉ ለካሜራ አይመችም። ለቅሶ ቤት፥ የሚጸልይ ሰው፥ የምታጠባ ሴት ሳይጠየቁ አይነሡም፤ ታቦት በሚወጣበትና በመስጊድ ግቢም አስቀድሞ አለቆቹን ማስፈቀድ ይገባል። በኬላና በወታደር ሰፈር ካሜራ ከሻንጣ አይወጣም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ የጸጥታው ነገር ተናግቶ ስለ ቆየ፥ ከደሴ በአቀስታ ወደ መካነ ሰላም የሚሄደውም ሆነ ወደ ወረኢሉ የሚሄደው፥ የመንገዱን ሁኔታ ከአገሩ ሰው ጠይቆ ይነሣ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። የዚህ አገር ሰው ፎቶግራፍ መነሣትን አይጠላም፤ የሚያማርረው ሌላ ነገር ነው። ሽማግሌዎች «አንሥተውን ይሄዳሉ፤ መልካችንን ግን አናየውም» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ከወረኢሉ በስተ ሰሜን በምትገኘው በመቅደላ አምባ፥ ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ከሞቱበት ዘመቻ ጋር የእንግሊዝ የመሐንዲስ ጦር ፎቶግራፍ አንሺዎች አብረው መጥተው ነበር። በዚያ ዘመን ሥዕል የሚነሣው በመስታወት ላይ ነው፤ መስታወቱ መድኃኒት ተቀብቶ ሳይደርቅ መነሣትና ወዲያው መታጠብ ስላለበት፥ ድንኳኑን፥ ጠርሙሱንና መስታወቱን ከቀይ ባሕር ዳር ከዙላ ጀምሮ በጭነት ከብት ተሸክመው አምባው ድረስ አደረሱት። የዛሬው ካሜራ ውሃ የሚፈራውን ያህል የዚያን ጊዜው ያለ ውሃ አይሠራም ነበር። የአምባውና የተራራው ሥዕል፥ የሰዉም ሥዕል፥ ዛሬ በእንግሊዝ አገር በቤተ መዘክርና በቤተ መዛግብት ተቀምጦ ይገኛል። የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁም ከአምባው ተወስደው በሄዱበት ዓመት፥ በዋይት ደሴት ጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለች ስመ ጥር ፎቶግራፍ አንሺ አነሣቻቸው። (ስሟ ከካሜራ ጋር መመሳሰሉ እንዲያው አጋጣሚ ነው።) በሥዕሉ ላይ የሚታየውን የሕፃን ፊት ያየ ሰው በቀላሉ አይረሳውም። ልዑሉ ዳግመኛ አገራቸውን ሳያዩ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመታቸው በእንግሊዝ አገር ዐረፉ።

ዐፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. ለዐድዋ ዘመቻ የሸዋን ጦር በጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ እንዲከት በዐዋጅ አዘዙ። ቅድመ አያቱ ከዚያ ጦር ጋር የዘመተ ቤተ ሰብ ስሙን፥ የፈረሱንም ስም ይቈጥራል፤ መልኩን ግን አብዛኛው አያውቅም። ያን ጊዜ ካሜራ የያዘ ጥቂት ሰው ነበርና ማንም አይወቀስም። ዛሬ ካሜራ በየኪሱ ባለበት ዘመን ግን፥ አሮጊቲቱ በልጅ ልጃቸው ስልክ ውስጥ ተነሥተው፥ ስልኩ ሲጠፋ አብረው ቢጠፉ ምን ምክንያት ይሰጣል?

ፊልም በዚህ ረገድ ይሻላል የምለው፥ ወረቀት የግድ ስለሚሆን ነው። ሥዕሉ ሳይታጠብ አይታይም፤ ለማየትም ፎቶ ቤት መሄድ ያስፈልጋል። እዚያ ሲደርሱ ካሜራው ከነቅርፊቱ ይሰጣል እንጂ በቤት አይከፈትም። ፊልም የሚያጥቡ ፎቶ ቤቶች እንደ ድሮው በየመንገዱ ስለማይገኙ፥ ከመጓዝ በፊት የትኛው እንደሚያጥብ መጠየቅ ይገባል። ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው እዚያው አገሩ ላሳጥብ ቢል በአውሮፕላን ማረፊያ ይጠንቀቅ፤ የ800 ፊልም በዕቃ መመርመሪያው ጨረር ይበላሻል፤ ይልቁንም በሚላከው ሻንጣ ውስጥና በአዲሱ ጠንካራ መመርመሪያ ሲያልፍ ጉዳቱ ይብሳል። ስለዚህ በእጁ ይዞ፥ በእጅ እንዲፈተሽለት በትሕትና ይለምን። በሚግል መኪና ውስጥም አይተወው፤ አነሣሁ ብሎም ዓመት አያቈየው፤ ሙቀትና ጊዜ በፊልሙ ላይ ያለውን ሥዕል ያደክሙታል።

ሲታጠብም እያንዳንዱ በሁለት በሁለት ይታተም። ኔጋቲቩ ዋናው ሰነድ ነውና በፖስታ ታሽጎ በቤት ይቀመጥ፤ አንዱ ግልባጭ ለቤተ ሰቡ አልበም፥ ሁለተኛው ለባለጉዳዩ፥ ይኸውም ለተነሣው ሰው ይሆናል። በጀርባው ላይ በእርሳስ፥ ሳይጫኑ፥ የሰውየው ስም ከነአባቱ፥ የመንደሩ ስም፥ ቀኑና ዓመተ ምሕረቱ ይጻፍ። የመዝገብ ቤት ሰው እንደሚያውቀው፥ ስም የሌለው ሥዕል ከሠላሳ ዓመት በኋላ የማን እንደ ሆነ የሚመሰክርለት አይገኝም። በስልክ የሚላክ ግልባጭ ቢጨመርበት አይከፋም፤ በግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ግን ወረቀቱ ነው።

የላኪው ነገር አስቸጋሪ መስሎ ይታያል እንጂ ቀላል ነው። ወደ መካነ ሰላምም ሆነ ወደ ወረኢሉ አውቶቡስ ይሄዳል፤ ለገበያ የሚመላለስ የአገር ልጅም አይታጣም። ፖስታው ዝናብ እንዳይነካው በላስቲክ ይጠቅለል፤ በላዩ ላይም የተቀባዩ ስም፥ የቀበሌው ስምና ዕቃውን ተቀብሎ የሚያደርሰው የባለ ሱቁ ስም በጉልህ ይጻፍ። በነሐሴ የተነሣው በመስከረም ታጥቦ ለመስቀል ሊደርስ ይችላል፤ ለመስቀል ያልደረሰ፥ በጥቅምት መንገዱ ሲደርቅ ይላክ።